ዳኛ የሌለበት በረዶ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2022 አመሻሽ ላይ፣ ቶኪዮ ውስጥ አንድ የ27 ዓመት ወጣት ሙሉ ልብሱን ለብሶ በጋዜጠኞች ፊት ቆመ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ከእንግዲህ በውድድር እንደማይሰለፍ ተናገረ። ስሙ ዩዙሩ ሃንዩ ነው፤ በበረዶ ላይ ስኬቲንግ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ ጃፓናዊ። መግለጫው በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። እኔ በምኖርበት በቶሮንቶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኗል። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው፤ የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ስልኬን የአንሶላና የፎጣ ጋሪው ላይ አስደግፌ፣ ድምፁን ቀንሼ አየሁት። ጃፓንኛ አልሰማም። «አመሰግናለሁ» የምትለዋን ቃል ግን ከውድድር በኋላ ከሚሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ለይቻታለሁ፤ እሷን ሲደጋግማት ነገሩ ገባኝ።

ጠዋት ተራዬን ልትቀበለኝ የመጣችው የአገሬ ልጅ ዓይኔን አይታ ደነገጠች። «ምነው እህቴ? ከአገር ቤት ክፉ ተሰማ እንዴ?» አለችኝ። የሆነውን ስነግራት ግራ ገባት። የሞተ ሰው የለ፤ የታመመ የለ። እንዲያውም ልጁ «በሙያተኛነት፣ በትርኢት እቀጥላለሁ፤ ያልሆነልኝንም ዝላይ መሞከር አልተውም» ነው ያለው። ደጋፊዎቹ ከዚያ በኋላም ሊያዩት ነው። ታዲያ በዚያን ቀን በጃፓን፣ በቻይና፣ በኮሪያ፣ በአውሮፓና እዚህ በካናዳ ያ ሁሉ ሰው ለምን አለቀሰ? ጥያቄዋ ተገቢ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሳስብበት ኖሬአለሁ።

መጀመሪያ ስፖርቱን ላስረዳ። እኔም ካናዳ እስክመጣ ድረስ በረዶ ማለት በሐምሌ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ብቻ ነበር። የስኬቲንግ ሜዳ 60 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ ለስላሳ የበረዶ ወለል ነው። ተወዳዳሪው የሚቆመው ከጫማው ሥር በተገጠመ፣ ስፋቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ብረት ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ሜዳ ይወጣል፦ አንድ ቀን አጭሩን፣ ሌላ ቀን ረጅሙን ፕሮግራም በሙዚቃ ያቀርባል። አጭሩ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ረጅሙ 4 ደቂቃ ነው። ዳኞቹ ለእያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት እንደ ክብደቱና እንደ ጥራቱ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለአቀራረቡና ለበረዶ ላይ አያያዙ ደግሞ ለብቻ ይሰጣሉ፤ የሁለቱ ቀን ነጥብ ይደመራል። ዝላዮቹ ስድስት ዓይነት ናቸው። በአምስቱ ተወዳዳሪው የሚነሣው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። አክስል የሚባለው ብቻ ወደ ፊት እየሄዱ ተነሥተው ወደ ኋላ የሚያርፉበት ስለሆነ ግማሽ ዙር ይጨምራል። ስለዚህ ባለ አራት ዙር አክስል ሲባል በአየር ላይ የሚዞረው አራት ተኩል ነው፤ ያም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አልቆ በአንድ እግር፣ በዚያች ቀጭን ብረት ላይ ማረፍ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ በመጦሪያ ቤቱ የምንከባከባቸው አንዲት ጃፓናዊት እናት ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ «ከኢትዮጵያ» ስላቸው፣ ከወንበራቸው ቀና ብለው «አበበ!» አሉ። በኦክቶበር 1964 ቶኪዮ ውስጥ ወጣት ሳሉ፣ የማራቶን ሯጮቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆመው አበበ ቢቂላ ብቻውን ሲያልፍ አይተዋል። ፊቱ ላይ ድካም የሚባል ነገር እንዳልነበረ ይነግሩኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ልጄ» የሚል ድምፅ ባለው እንግሊዝኛ ይጠሩኛል። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ያለው ወንበር የእሳቸው ነበር፤ ስኬቲንግ ሲኖር ማንም አይቀመጥበትም።

የ2014ቱን የሶቺ ኦሊምፒክ ያየነው አብረን ነው። ቶሮንቶ ላይ ጠዋት ነበር። ሳሎኑ በሙሉ የካናዳው ፓትሪክ ቻን ደጋፊ ነው፤ ሦስት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈ ልጅ ነውና ወርቁን በእጃቸው አድርገውት ነበር። ሃንዩ ገና 19 ዓመቱ ነው። በአጭሩ ፕሮግራም 101.45 አገኘና በአጭር ፕሮግራም 100 ነጥብን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በረጅሙ ግን ሁለት ጊዜ ወደቀ። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ቻንም ተሳሳተና ወርቁ ለሃንዩ ሆነ፤ በወንዶች ስኬቲንግ ከእስያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ። ሳሎኑ ሲያዝን እማማ በደስታ ፈንታ የተናገሩት «የሰንዳይ ልጅ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ሰንዳይ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ያለች ከተማ ናት። ሃንዩ ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው። ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ አስም ነበረበት፤ በአራት ዓመቱ ታላቅ እህቱን ተከትሎ በረዶ ላይ ወጣ። ማርች 11 ቀን 2011 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ በሰንዳይ ሜዳ ልምምድ ላይ ነበር፤ የስኬቲንግ ጫማውን ሳያወልቅ ነው ወደ ውጭ የሸሸው። እሱና ቤተሰቡ ለአራት ቀን በመጠለያ ወለል ላይ አደሩ። በባሕሩ ዳርቻ ሱናሚው ብዙ ሺህ ሰው ወሰደ። የበረዶ ሜዳው ተሰነጣጠቀና ተዘጋ። ልጁ መለማመጃ ሲያጣ በየከተማው በሚደረጉ የበረዶ ትርኢቶች እየተሳተፈ፣ በዚያ አጋጣሚ እየተለማመደ ከረመ፤ በ60 ያህል ትርኢት ላይ ወጣ። ስኬቲንግ ይቅርብኝ ብሎ እንዳሰበም ራሱ ተናግሯል፤ ሰው አልቆ እኔ በበረዶ ላይ ልጨፍር ወይ የሚል ጥያቄ ይዞት ነበር። በዓመቱ በኒስ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ሲያገኝ ጃፓን ያየችው ከፍርስራሹ የወጣ ልጅ ነው። በኋላም ከመጽሐፉ የሚያገኘውን ገቢ ለዚያው ለሰንዳይ ሜዳ ለግሷል። በ2018 ሁለተኛ ወርቁን ይዞ ሲመለስ ሰንዳይ ውስጥ ሊቀበለው የወጣው ሕዝብ 108 ሺህ ገደማ ተብሏል። ከደጋፊዎቹ መካከል በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች የበዙት ለምንድን ነው ብለው የሚገረሙ አሉ፤ እኔ አይገርመኝም። መጠለያ ውስጥ ያደረውን ልጅ አይተው የራሳቸውን ልጅ ያሰቡ እናቶች ናቸው።

በ2012 ሃንዩ ወደ ቶሮንቶ መጣ፤ በብራያን ኦርሰር አሰልጣኝነት በቶሮንቶ ክሪኬት፣ ስኬቲንግና ከርሊንግ ክለብ ይለማመድ ጀመር። ክለቡ የአባላት ብቻ ነው። እኔ ወደ ሥራ የምሄድበት የዊልሰን ጎዳና አውቶቡስ በዚያ በኩል ያልፋል፤ አንድም ቀን ግን ልጁን ለማየት ብዬ ወርጄ አላውቅም። በነባር ደጋፊዎች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ በልምምድ ቦታው አትረብሸው። ከጃፓን ድረስ ሺህ ዶላር አውጥተው መጥተው ወደ ክለቡ አጥር የማይጠጉ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ።

እነሱን በአካል ያገኘኋቸው በኦክቪል ነው። ኦክቪል ከቶሮንቶ ወጣ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ በ2018 እና በ2019 ሴፕቴምበር «ኦተም ክላሲክ» የሚባለው አነስተኛ ውድድር በዚያ ተካሂዶ ሃንዩ ሁለቱንም አሸንፏል። የሰፈር ልጆች ሆኪ የሚጫወቱባት ትንሽ አዳራሽ ናት። በዚያች አዳራሽ በረድፍ በረድፍ የጃፓንና የቻይና ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ባንዲራቸውን አጣጥፈው በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሌላውንም አገር ተወዳዳሪ በስሙ እየጠሩ ያጨበጭባሉ። ከጎኔ የነበሩት ከናጎያ የመጡ ሴትዮ በስልክ መተርጎሚያ አነጋገሩኝ፤ ሙቅ ማድረጊያ ከረጢት አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የሃንዩ ተራ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ መተሳሰብ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን አጋጠሙ። ሁላችንም እስኪጨርስ ትንፋሽ አልወሰድንም ብል ማጋነን አይሆንም።

ፍርሃት ነው። የስኬቲንግ ደጋፊ ዋናው ስሜት ፍርሃት ነው፤ ከውጭ የሚያይ ሰው የማያስተውለውም ይህንኑ ነው። በእግር ኳስ ያመለጠ ጎል በሁለተኛው አጋማሽ ይካሳል። እዚህ አራት ዓመት የተዘጋጁበት ነገር በአንዲት የብረት ጠርዝ መንሸራተት ያልቃል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ሃንዩን የተከተለ ሰው ደግሞ ፍርሃቱ በእጥፍ ነበር። በኖቬምበር 2014 ሻንጋይ ላይ፣ ከረጅሙ ፕሮግራም በፊት ባለችው የ6 ደቂቃ ማሟሟቂያ ከቻይናው ሃን ያን ጋር በፍጥነት ተጋጩ። በረዶው ላይ ተዘርሮ አገጩ ሲደማ ዓለም አየው። ጭንቅላቱን በፋሻ ጠቅልሎ ተመልሶ ገባ፤ አምስት ጊዜ ወደቀ፤ አምስት ጊዜ ተነሣ፤ ሁለተኛ ወጣ። ያንን ዛሬም ጀግንነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ማስቆም የሚችል አዋቂ መኖር ነበረበት ባይ ነኝ። ጭንቅላቱ የተመታ ልጅ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ወገን አለ፤ ፍርሃቱ የሚፈታበት። በ2015 መጨረሻ በናጋኖ በድምር 322.40 አገኘና ከ300 ነጥብ በላይ ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ባርሴሎና ላይ ወደ 330.43 ከፍ አደረገው። በኖቬምበር 2017 ኦሳካ ላይ በልምምድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፤ እስከ ፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ድረስ በአንድም ውድድር አልታየም። በፌብሩዋሪ 2018 ሕመም ማስታገሻ ወስዶ ገባና አሸነፈ፤ ከአሜሪካዊው ዲክ በተን ወዲህ፣ ማለትም ከ66 ዓመት በኋላ፣ ሁለት ተከታታይ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ወንድ ሆነ። ያ ወርቅ በክረምት ኦሊምፒክ ታሪክ 1,000ኛው እንደሆነም ተቆጥሯል። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ያን ቀኝ እግሩን ዳሰሰ። ወዲያው ከመቀመጫዎቹ ቢጫ ዝናብ ወረደ፦ ዊኒ ዘ ፑህ የሚባለው የልጆች ተረት ድብ አሻንጉሊቶች። ልጁ የሶፍት ማስቀመጫው የዚያ ድብ ቅርጽ ስለነበረ ደጋፊዎቹ ድቡን የእሱ ምልክት አደረጉት። አሻንጉሊቶቹን የሚለቅሙት በረዶ ላይ የሚወጡ ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ በኋላም ውድድሩ በተደረገበት አገር ላሉ ልጆች ይሰጣሉ። እኔ ያን ዝናብ የማየው እንደ ስጦታ አይደለም። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ ነው የሚወረወረው።

ወደ ስንብቱ ያደረሰው መንገድ ግን ያለ ዝናብ ነበር። በማርች 2020 የሞንትሪያሉ የዓለም ሻምፒዮና በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ እኔም ብዙ ቆጥቤ የገዛሁትን ትኬት ይዤ ቀረሁ። ሃንዩ ወደ ጃፓን ተመልሶ ያለ አሰልጣኝ ብቻውን ይለማመድ ጀመር። ሐሳቡ በአንድ ነገር ላይ ነበር፦ ማንም በውድድር ያልሠራው ባለ አራት ዙር አክስል። በቤይጂንግ ኦሊምፒክ፣ በፌብሩዋሪ 2022፣ አጭሩን ፕሮግራም ሲጀምር የጫማው ብረት ሌላ ተወዳዳሪ በረዶው ላይ በተወው ቀዳዳ ውስጥ ገባና የመጀመሪያው ዝላይ ከሸፈ። ስምንተኛ ሆነ። ሦስተኛው ወርቅ እዚያው አለቀ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዋዜማው የተጎዳ እግሩን በመርፌ አደንዝዞ፣ አክስሉን ሞከረ፤ ዙሩ ጥቂት ጎደለ፤ ወደቀ። ዳኞቹ ግን ባለ አራት ዙር አክስል ብለው መዘገቡት፤ በውድድር ታሪክ የመጀመሪያው። በጠቅላላ አራተኛ ወጣ። ወርቁ ለአሜሪካዊው ኔታን ቼን፣ ብሩና ነሐሱ ለጃፓኖቹ ዩማ ካጊያማና ሾማ ኡኖ ሆነ። በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካቹ ጥቂት ተጋባዥ ብቻ ስለነበረ ማንም ድብ አልወረወረለትም። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ጁላይ ላይ የደረሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው። የደጋፊው ስሜትም አንድ ዓይነት አልነበረም። ንዴት የነበረባቸው ብዙ ናቸው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዳኞቹ ለጥራቱ የሚገባውን አልሰጡትም፣ ሕጉ የዝላይ ብዛትን አገነነ፣ ልጁን የገፋው ይኸው ነው የሚሉ። ስለ ነጥብ ሰንጠረዥ ከእነሱ ጋር መከራከር ከባድ ነው፤ እያንዳንዱን ፕሮግራም በሰከንድ ያውቁታል። እኔ በከፊል እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቼን በሠራቸው ዝላዮች ወርቁ የተገባው መሆኑን መካድ አልችልም። ሌሎች ደግሞ በ2026 የሚላኖ ኦሊምፒክ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ጉዳት ባየሁት ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። ተስፋቸው ያን ምሽት ተቆረጠ።

የብዙዎቻችን እንባ ግን ከዚህ ቀለል ያለ ምክንያት ነበረው። የደጋፊ ዓመት በውድድር ይቆጠራል፤ በመከር ግራንድ ፕሪ፣ በዲሴምበር የጃፓን ሻምፒዮና፣ በማርች የዓለም ሻምፒዮና። የዓመት ፈቃድ የሚወሰደው፣ ገንዘብ የሚቆጠበው፣ ጃፓን ውስጥ ደግሞ ትኬት በዕጣ ስለሚገኝ ጓደኛ ለጓደኛ ዕጣ የሚገባው በዚያ ቀን መቁጠሪያ ነው። ኮቤ ውስጥ ዩዙሩሃ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፤ ስሙ ከእሱ ስም ስለሚቀራረብ ደጋፊዎች እየሄዱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ስለት ይጽፉለታል፤ «እግሩን ጠብቅልን» እያሉ። ውድድር ከሌለ በየትኛው ቀን ዋዜማ ይጻፋል? የናጎያዋን ሴትዮ አሰብኳቸው። ዓይናቸውን የሚጨፍኑበት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እጅ የሚያያዙበት ሰዓት ከሕይወታቸው ወጣ። ልጁ አልጠፋም፤ አብረን የምንፈራበት ሰዓት ነው የጠፋው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስሜት አናውቀውም አልልም። በኖቬምበር 2010 ኃይሌ ገብረሥላሴ የኒው ዮርክ ማራቶንን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ፣ እያለቀሰ «በቃኝ» ሲል አባቴ ሬዲዮኑን ዘግቶ እራቱን ሳይበላ አደረ። አባቴ ሯጭ አይደለም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ግን በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው በዚያች የመጨረሻ ዙር ከኃይሌ ጋር ፈርቷል። በጥቂት ቀናት ኃይሌ ሐሳቡን ቀይሮ «እመለሳለሁ» ሲል አባቴ ዳነ፤ በ2015 ማንችስተር ላይ የመጨረሻውን ስንብት ሲያደርግ ግን በጸጥታ ተቀበለው። ሰው መለየትን የሚለማመደው በሁለተኛው ጊዜ ነው መሰለኝ።

እማማ ያን ሌሊት አላለቀሱም። ቀስቅሺኝ ስላሉኝ ቀሰቀስኳቸው፤ መግለጫውን በጃፓንኛቸው አዳመጡና «ደግ አደረገ፤ እግሩ ይረፍ» ብለው ተመልሰው ተኙ። በ2017 የማኦ አሳዳን ስንብት ሲሰሙ ግን ሙሉ ቀን እንዳለቀሱ አስታውሳለሁ። አሳዳ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ ስትሰናበት በጃፓን ሻምፒዮና 12ኛ ወጥታ ነበር። የሁለቱን ልዩነት ጠየቅኳቸው። «እሷ ሲደክማት አየሁ። እሱ ገና አልደከመውም፤ የፈተናው ወረቀት ነው የሰለቸው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በኖቬምበር 2022 ዮኮሃማ ላይ «ፕሮሎግ» የተባለውን የመጀመሪያ ትርኢቱን አቀረበ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን። የጀመረው በምን እንደሆነ ስሰማ ተነሥቼ ቆምኩ፦ በውድድር ላይ እንዳለው በ6 ደቂቃ ማሟሟቂያ። ስድስት ተወዳዳሪ የሚጋፋበትን ሰዓት ብቻውን በባዶ በረዶ ላይ አደረገው። የምንናፍቀውን ነገር ያውቅ ነበር፤ እሱም ይናፍቀው ነበር ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ የቤዝቦል ስታዲየም በሆነው በቶኪዮ ዶም 35 ሺህ ሰው በተሰበሰበበት «ጊፍት»ን አቀረበ፤ በዚያ ስታዲየም ብቻውን ትርኢት ያቀረበ የመጀመሪያው ስኬተር ነው። በመካከሉ እንደገና ማሟሟቂያው መጣ። ከዚያ ቤይጂንግ ላይ የከሸፈበትን አጭር ፕሮግራም ያንኑ ሙዚቃ፣ የካሚ ሴን ሳንስን «ሮንዶ ካፕሪቾሶ»፣ ጀመረ። ሳልኮው የሚባለውን ባለ አራት ዙር ዝላይ አነሣው፤ አሳረፈው። ዳኛ የለም፤ ነጥብ የለም፤ ሰንጠረዥ የለም። እኔ ግን በስክሪኑ ፊት እንደ ድሮው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

በየዓመቱ ማርች ደግሞ በትውልድ ክልሉ በሚያጊ «ኖቴ ስቴላታ» የተባለ ትርኢት ያዘጋጃል። የመጀመሪያው የተደረገበት አዳራሽ በ2011 የሱናሚው ሙታን አስከሬን ያረፈበት ነው። ደጋፊዎች ከመላ ጃፓንና ከውጭ ይሄዳሉ፤ ሆቴል ይይዛሉ፤ ባሕሩ የበላቸውን መንደሮች ይጎበኛሉ፤ በዚያ ገበያ ይገዛሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከውድድር ቀን መቁጠሪያ አይገኝም ነበር። ስንብቱን «የስኬቲንግ ፍጻሜ» ብለው ያለቀሱትን ዛሬ የምቃወማቸው በዚህ ነው።

አክስሉስ? ከጁላይ መግለጫ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 2022 በሌክ ፕላሲድ፣ የ17 ዓመቱ አሜሪካዊ ኢሊያ ማሊኒን በውድድር ላይ አሳረፈው። ለመሞከር ያነሣሣው ሃንዩ እንደሆነም ተናገረ። ከሃንዩ ደጋፊዎች የተከፋ እንደነበረ አልክድም፤ ደስ ያላቸው ግን በብዙ ይበልጣሉ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ጨረሰው ብለው። እኔም ማሊኒንን እከታተላለሁ። ስለ እሱ መፍራት ግን ገና አልቻልኩም፤ ይህ በትእዛዝ የሚመጣ አይደለም።

ይህን ያነበበ ሰው ልጁን ለማየት ቢፈልግ በቅደም ተከተሉ ይይ። መጀመሪያ የ2015ቱን የባርሴሎና ረጅም ፕሮግራም፣ «ሴይሜይ»ን። ቀጥሎ የ2018ቱን የፒዮንግቻንግ አጭር ፕሮግራም፣ በሾፓን ፒያኖ። ከዚያ የቤይጂንጉን፣ ብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ። እሱን ሳያዩ ወደ ቶኪዮ ዶም መዝለል አያስፈልግም። ሳልኮው የሚመጣው ሙዚቃው ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ያን ጊዜ ዓይናችሁን ወደ ሌላ እንዳትመልሱ።